የካም ዋ ቸንግ ሱቅ

(በኦሪገን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ ለኢትዮጵያውያን ወገኖች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ።

እዚህ እንድቆም የተጋበዝኩት የታሪክ ሊቅ ስለሆንኩ አይደለም። እንጀራዬ የሰው ሂሳብ መያዝ ነው። አዘጋጆቹ ባለፈው ነሐሴ ከእናቴ ጋር ሄጄ ስላየሁት አንድ ቤት በየቡናው ሳወራ ቢሰሙኝ «ለሁላችንም አንዴ ተናገርና ይውጣልህ» አሉኝ። እነሆ መጣሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ይህን ከወዲሁ ያዙልኝ።

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ሁለት ሳምንት እንደቆየች የገበያ አዳራሹም የባሕሩ ዳርቻም ሰለቻት። «ሁሉም አዲስ ነው። እዚህ አገር ሰው ኖሮ አያውቅም እንዴ?» አለችኝ። እኔም ነገሩን በልቤ ያዝኩና በማግስቱ ማለዳ ተነስተን ወደ ምሥራቅ ነዳን። ማውንት ሁድን በጎን ትተን በማድራስና በፕራይንቪል በኩል ስናልፍ ጫካው ያልቅና ምድሩ ደረቅ ይሆናል፤ ኮረብታው ቀይና ቢጫ ቀለም የተቀባ ይመስላል። እናቴ ዓይኗን ከመስኮቱ ሳታነሳ «ይህማ አፋር ነው» አለች። ከአምስት ሰዓት ያህል ጉዞ በኋላ ጆን ዴይ ደረስን። ሁለት ሺህ ሰው የማይሞላባት፣ ዋና መንገዷን በእግር ሩብ ሰዓት በማይፈጅ ጊዜ ተሻግራችሁ የምትጨርሷት ከተማ ናት። ከመናፈሻዋ አጠገብ አንድ የድንጋይ ቤት አለ። ስሙ ካም ዋ ቸንግ ይባላል፤ ትርጉሙን «ወርቃማ የብልጽግና አበባ» ይሉታል።

ስሙን ሰምቶ የሚመጣ ሰው ቤቱን ሲያይ ግር ይለዋል። የአበባ ነገር የለበትም፤ ምሽግ ይመስላል። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ነው። መስኮቶቹ ትናንሽ ናቸው፣ የብረት መዝጊያ አላቸው። በሩ በቆርቆሮ ተለብጧል። መጀመሪያ በ1860ዎቹ የተሠራው ለመንገደኛ ዕቃ መሸጫ ነበር። በኋላ ቻይናውያኑ ሲይዙት ያ ውፍረቱ ጠቀማቸው። አስጎብኚያችን በሩ ላይ ያሉትን የጥይት ምልክቶች ስታሳየን እናቴ ጣቷን ወደ ቀዳዳው አስጠግታ ቆየች። መንካት ክልክል ስለሆነ አልነካችውም።

ከመግባታችን በፊት ጥቂት ታሪክ ልንገራችሁ። በ1862 በዚያ አካባቢ ወርቅ ተገኘ። ነጮቹ መጀመሪያ የላይ የላዩን ዛቁ፤ አፈሩ እየሳሳ ሲሄድ ትተውት ወደ ሌላ ቦታ ሄዱ። ቻይናውያን መጥተው የተተወውን አፈር እንደገና ማጠብ ያዙ። በ1879 በምሥራቅ ኦሪገን ማዕድን ቦታዎች 960 ነጮችና 2,468 ቻይናውያን ይሠሩ እንደነበር ተመዝግቧል። አስቡት፤ ዛሬ ቻይናዊ ፈልጋችሁ በማታገኙበት በረሃ፣ ለአንድ ነጭ ከሁለት በላይ ቻይናዊ ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን የኦሪገን ሕገ መንግሥት ከጸደቀ በኋላ የመጣ ቻይናዊ መሬት እንዳይኖረው፣ የማዕድን ይዞታም እንዳይሠራ ይከለክል ነበር። ክልከላው በወረቀት ላይ ነበር፣ አካፋው ደግሞ በእጃቸው።

በ1882 የአሜሪካ ምክር ቤት የቻይና ሠራተኛ ወደ አገሩ እንዳይገባ በሕግ አገደ። በ1888 ደግሞ ቤተሰቡን ሊጠይቅ ወጥቶ የመመለሻ ወረቀት የያዘው ሰው ሳይቀር በር ተዘጋበት። ደጅ የቀረው ሰው ሃያ ሺህ ገደማ ነበር። በዚያው ሰሞን፣ በ1887፣ በኦሪገን ምሥራቃዊ ጫፍ በስኔክ ወንዝ ገደል ውስጥ እስከ 34 የሚደርሱ የቻይና ወርቅ አጣቢዎች ተገደሉ። ተከሰው የቀረቡት ሰዎች ነጻ ተለቀቁ። አንድም ሰው አልተቀጣም።

እንግዲህ በዚህ ጊዜ ነው፣ አዲስ አበባ በተቆረቆረች ማግስት ማለት ነው፣ ሁለት ወጣቶች ይህን ሱቅ የያዙት። ሁለቱም ከደቡብ ቻይና ከጓንግዶንግ ናቸው፤ ሁለቱም ሚስትና ልጅ ትተው የመጡ። አንደኛው ላንግ ኦን ይባላሉ። የተማሩ፣ እንግሊዝኛ የሚያቀላጥፉ፣ ልብሳቸው የጸዳ፣ ፈረስ እሽቅድድምና ቁማር የሚወዱ ሰው ነበሩ። ሁለተኛው ኢንግ ሄይ ናቸው፤ የአገሩ ሰው በኋላ «ዶክ ሄይ» ያላቸው። ዝምተኛ፣ ጸሎተኛ፣ እንግሊዝኛ እስከ መጨረሻው ያስቸገራቸው መድኃኒት አዋቂ። እንደነዚህ ዓይነት ሁለት ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ከሃምሳ ዓመት በላይ ተስማምተው ኖሩ። ይህን ሳስብ አብረውኝ ቤት የተከራዩትን ጓደኞቼን አስታውሳለሁ፤ ስድስት ወር ነው የቆየነው።

እዚህ ላይ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። የ1882ቱ ሕግ የከለከለው የጉልበት ሠራተኛን ነው፤ ነጋዴን አልነካም። ስለዚህ ለአንድ ቻይናዊ ሱቅ መያዝ ትርፍ ከማግኘት ያለፈ ትርጉም ነበረው። ሱቁ የመኖሪያ ፈቃድ ነበር። ያ ሚዛን፣ ያ የሂሳብ መዝገብ፣ ያ በመደርደሪያ የተደረደረ ሻይና ትምባሆ ሁሉ «እኔ ነጋዴ ነኝ» የሚል ማስረጃ ነው። ወረቀት ፍለጋ የደከመ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለ ይህን አስረዝሜ አላብራራለትም።

አሁን እንግባ። የሚያስገቡት በአስጎብኚ ነው፣ ጥቂት ጥቂት ሰው እያደረጉ። ውስጡ ጨለማ ነው። ዓይናችሁ እስኪለምድ ጥቂት መቆም ያስፈልጋል፤ ከዓይን በፊት የሚደርሰው ሽታው ነው። የደረቀ ሥር፣ አሮጌ እንጨት፣ ጭስ። ግድግዳውና ጣሪያው ጥላሸት ለብሷል። የምድጃው ጭስ፣ የዕጣኑ ጭስ፣ የኦፒየሙ ጭስ ነው። ኦፒየም ስል እንዳትደነግጡ፤ የሚጨስ ኦፒየም ወደ አሜሪካ እንዳይገባ የተከለከለው በ1909 ነው፤ ከዚያ በፊት እንደ ማንኛውም ሸቀጥ ቀረጥ ተከፍሎበት የሚገባ ነገር ነበር። እናቴ ጥላሸቱን አየችና «አያቴ ማድ ቤት» አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

መጀመሪያ የምታገኙት ሱቁን ነው። ይህ የሰፈር ሱቅ ነው፤ እኔና እናንተ በአምስት ሳንቲም ከረሜላ የገዛንበት ዓይነት። የታሸገ ምግብ፣ ክብሪት፣ ሻይ፣ ትምባሆ፣ ርችት፣ የሥራ ልብስ፤ የማይሸጥ ነገር የለም። በስተጀርባው ያለው ማድ ቤት መኝታም ነበር። በግድግዳው በኩል ደርብ የእንጨት አልጋዎች አሉ፤ ከማዕድኑ ወይም ከበግ ጥበቃው የመጣ ሰው እዚያ ያድራል። ከምድጃው እስከ አልጋው ሁለት እርምጃ አይሆንም። አንዱ ሩዝ ሲቀቅል ሌላው እዚያው አጠገቡ ያንኮራፋል ማለት ነው።

ላንግ ኦን ሠራተኛ ለሚፈልግ ነጭ ሰው ያገናኛሉ፣ ደመወዝ ይዋዋላሉ፣ ያስተረጉማሉ። ለማያነብ ወገናቸው ደግሞ ደብዳቤ ያነባሉ፣ ይጽፋሉ። ፍርድ ቤት ደጃፍ የሚቀመጡትን ራፖር ጸሐፊዎች አስታውሱ፤ እንደዚያ ነው። የሰው ምስጢር ሁሉ በእጃቸው ያልፍ ነበር። ከቤቱ ከተገኙት ወረቀቶች መካከል ደብዳቤዎች አሉ። ከቻይና የመጡ አሉ፤ ተጽፈው ያልተላኩም አሉ። ያልተላከ ደብዳቤ ምን ማለት እንደሆነ አሰብኩ። ገንዘብ ሳይኖርህ «ደኅና ነኝ» ብለህ ትጽፋለህ፤ ከዚያ ገንዘብ አብሬ ልላክ ብለህ ታቆየዋለህ፤ ወር ይሄዳል፣ ዓመት ይሄዳል፣ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ይህ የእኔ ግምት ነው። እናንተ ስልክ አለን፣ ምስል አለን ትላላችሁ፤ «ነገ እደውላለሁ» ብሎ ሦስት ወር የቆየ ሰው ግን እዚህ እንዳለ አውቃለሁ፤ አንዱ እኔ ነኝ።

ከሱቁ ወደ ጎን የመድኃኒቱ ክፍል ነው። ከአምስት መቶ በላይ የመድኃኒት ዓይነቶች ተገኝተውበታል። ሣጥን በሣጥን ላይ፣ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ፣ በቻይንኛ ጽሑፍ ተለይቶ። ቅጠል፣ ሥር፣ ቅርፊት፣ የአጋዘን ቀንድ፣ የድብ መዳፍ። እናቴ እዚህ ላይ ነቃች። በመርካቶ የመድኃኒት ሻጮች መሐል እንዳለች ሁሉ አንገቷን አስግጋ «ቀበሪቾ የለም?» አለች። አስተረጎምኩላት። አስጎብኚዋ ሳቀችና ቀበሪቾ ምን እንደሆነ ጠየቀች። እናቴ በእጇ ጭሱን ወደ አፍንጫዋ እየሳበች አሳየቻት። የጉብኝቱ ሰዓት በዚህ ብቻ አምስት ደቂቃ ተራዘመ።

ዶክ ሄይ በሽታን የሚያውቁት የእጅ ደም ሥር በመዳሰስ ነበር። የታማሚውን አንጓ በሦስት ጣት ይዘው፣ ጫን ላላ እያደረጉ፣ ዝም ብለው ያዳምጣሉ። እንግሊዝኛ የማይሆንላቸው ሰው እንግሊዝኛ ተናጋሪውን ሁሉ ያከሙት በዚህ ነው፤ ጣት አስተርጓሚ አይፈልግም። በተለይ ደማቸው በተመረዘ ሰዎች ሕክምና ስማቸው ገነነ። በሽቦ የተቆረጠ ከብት ጠባቂ፣ ቁስሉ የተበላሸ ገበሬ፣ ሐኪም ተስፋ የቆረጠበት ሰው ወደ እርሳቸው ይመጣል። በ1918 የዓለም ኢንፍሉዌንዛ፣ እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው፣ እዚያም ሲደርስ ብዙ ሰው ደጃቸውን ጠናና መራራውን ጭማቂ ጠጣ። እናቴ «እኛ በየዓመቱ ኅዳርን የምናጥነው ለዚያ አይደል?» አለችኝ። አዎን፣ ያው በሽታ ነው፤ አንድ ዓመት፣ ሁለት የዓለም ጫፍ።

ያለ ፈቃድ ያክማል ተብለው ተከሰውም ያውቃሉ። ዳኞቹ ሆነው የተቀመጡት ግን የከተማው ሰዎች ነበሩ፤ ወይ ራሳቸው ወይ ሚስቶቻቸው ጭማቂውን የጠጡ። ማን ይፈርድባቸዋል?

እዚህ ላይ ተዉ አትቸኩሉ እላለሁ። ይህን ታሪክ «ነጭና ቻይናዊ ተዋዶ የኖረበት» ብለው ማር አድርገው የሚያቀርቡት ሰዎች አሉ። ዶክ ሄይን የወደደው ከተማ ከበሩ ላይ ጥይት የተኮሰበትም ከተማ ነው። ሁለቱም እውነት ነው። አስጎብኚዋ ሁለቱንም ነገረችን፤ ስለዚህ አከብራታለሁ።

እናቴ መኝታዎቹን አንድ በአንድ ካየች በኋላ ያነሳችውን ጥያቄ ግን ማናችንም አልጠበቅነውም። «ሴቶቹስ የት ነበር የሚተኙት?» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። ሴት አልነበረችም ማለት ይቻላል። በ1875 የወጣ ሌላ ሕግ ለአገሩ ጨዋነት ጥበቃ ነው ተብሎ የቻይና ሴቶችን መግባት እጅግ አጥብቆት ነበር። የ1882ቱ ደግሞ የሠራተኛን ሚስት እንደ ባሏ ሁሉ እንዳትገባ ከለከላት። የመርከቡ ዋጋም አለ። ስለዚህ ያ ሁሉ አልጋ የባለትዳር ወንደላጤ አልጋ ነው። የላንግ ኦን ሚስትና ሴት ልጃቸው ቻይና ነበሩ። ላንግ ኦን አልተመለሱም። ዶክ ሄይም እንዲሁ። እናቴ ከዚያ በኋላ ስለ ወንዶቹ መስማት የቀነሰች መሰለኝ። «ያቺ ልጅ አባቷን አታውቀውም?» አለች ደግማ። ሙዚየሙ ስለዚያች ልጅ ምንም የሚያሳይ ነገር የለውም፤ የእርሷ ሙዚየም ሌላ አገር ነው የሚሆነው።

ወደ ሙያዬ ልመለስ። ላንግ ኦን ነጋዴ ናቸው፤ በኋላ መኪና ሲመጣ የፖንቲያክ መኪና መሸጫ ከፈቱ፤ በ1940 ሲሞቱም ደኅና ሀብት ትተው ነው። ዶክ ሄይ ግን ሌላ ናቸው። ከእርሳቸው አልጋ ሥር አንድ ሣጥን ተገኘ፤ ውስጡ ከታካሚዎች የተቀበሉትና ባንክ ያልወሰዱት ቼክ ነበር። ሲደመር ከ23,000 ዶላር በላይ። እንደ ሂሳብ ሠራተኛ መጀመሪያ የተሰማኝ ሕመም ነው። ቼክ እኮ ጊዜ ያልፍበታል! ከዚያ አስጎብኚዋ ነገሩን ስታብራራው፣ ሰዉ በድህነቱ ዘመን እንዳይቸገር ብለው የተዉት ነው አለች። እናቴ ወዲያው ገባት። «የዱቤ መዝገብ ነው። ባለሱቁ ይጽፋል፣ አይጠይቅም» አለች። እኔ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተዋጠልኝም። ቼኩን እምቢ ቢሉ ሰውየው ያፍራል፤ ቢቀበሉና ቢያወጡት ሰውየው ይራባል። ተቀብሎ አለማውጣት ሁለቱንም ያድናል። እንዲህ አድርጌ ሳስበው ሂሳቡ ይገጥምልኛል።

በዚያ ዘመን የነበሩ ቻይናውያን አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ሰው በባዕድ አገር ሲሞት ይቀበራል፣ ከዓመታት በኋላ አፅሙ ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ ወደ ትውልድ መንደሩ ይላካል። ወጪውን የአንድ አውራጃ ሰዎች ያቋቋሟቸው ማኅበሮች ይችሉ ነበር። ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። እዚህ ከተማ በየወሩ እድር የምንከፍለው ለምንድን ነው? አስከሬን ለመሸኘት። በእቁብም ቢሆን እንመሳሰላለን፤ ቻይናውያን ስደተኞች በየተራ የሚወጣ የገንዘብ ማኅበር ነበራቸው፤ ባንክ የማያበድረው ሰው ሱቅ የከፈተው በዚያ ነው። የላንግ ኦንና የዶክ ሄይ አፅም ግን አልተላከም። ሁለቱም የተቀበሩት እዚያው ጆን ዴይ ነው።

«ጥቂት ሠርቼ እመለሳለሁ» ብለው መጥተው የኖሩትን ኑሮ ሰዎች ጊዜያዊ ይሉታል። እነዚህ ሁለት ሰዎች የሠሩት፣ የተዋደዱት፣ የተጣሉት፣ ያከሙት፣ ያረጁት በዚያ ጊዜያዊ በተባለ ቤት ነው። ዶክ ሄይ በስተ እርጅና ዓይናቸው ጠፋ። በ1948 ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረና ወደዚህ ወደ ፖርትላንድ መጡ፤ የሱቁን በር ቆልፈው፣ ድነው ሊመለሱ። በ1952 አረፉ። ዘመዳቸው ቦብ ዋ ቤቱን ሙዚየም ይሁን ብሎ ለከተማው ሰጠ። ከተማውም ተቀበለና ረሳው! በ1960ዎቹ መጨረሻ አጠገቡ ላለው መናፈሻ ሥራ ሲባል ወረቀት ሲገላበጥ ነው ያ የተቆለፈ ቤት የከተማው ንብረት መሆኑ የታወቀው። ከፈቱት። ከሃያ ዓመት በፊት እንደተተወ ነበር፤ ጣሳው በመደርደሪያው፣ መድኃኒቱ በሣጥኑ፣ ብርድ ልብሱ በአልጋው። ሙዚየም ሠሪ አንድም ዕቃ አልመረጠም፤ የመረጡት ኗሪዎቹ ናቸው፣ ያውም ሳያውቁ። በ2005 ቤቱ ከአሜሪካ ብሔራዊ ታሪካዊ ቦታዎች ተራ ገባ።

ከሁሉም ያልወጣልኝ የጸሎት ጥጉ ነው። ዕጣን መትከያው አለ፣ ከፊቱ ደግሞ ለመባ የቀረበ ብርቱካን። ደርቆ፣ ጠቁሮ፣ የዋልካ ድቡልቡል መስሏል። ያስቀመጠው ሰው ነገ ሊቀይረው ነበር። እናቴ ሌላውን ዕቃ ሁሉ በአስተያየት ነው ያለፈችው፤ እዚህ ስትደርስ ነጠላዋን አስተካከለች። «ሃይማኖታቸው እኮ ሌላ ነው እማዬ» አልኳት። «ብርቱካኑ ግን ብርቱካን ነው» አለችኝ።

ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ ቤቱ ክፍት መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ነዳጅ ሙሉ፤ በመንገዱ ላይ ካለችው ከሚቸል ከተማ ወዲያ ማደያው ይራራቃል። እናቶቻችሁን ውሰዱ፤ ብቻችሁን ከሄዳችሁ ደርብ አልጋ አይታችሁ ትመለሳላችሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። ስለ ቼኩ ከሆነ ግን በመዝገብ ላይ ሂሳቡ እንደማይገጥም እኔም አውቃለሁ።